ልጅዎን በመርፌ አያስፈራሩት

በምሠራበት መድኃኒት ቤት ደጋግሜ የምሰማው አነጋገር አለ፤ «ዝም ካላልክ ለእሷ ነግሬ መርፌ አስወጋሃለሁ!» ልጁ ወዲያው ጸጥ ይላል። እኔ መድኃኒት አዳይ እንጂ መርፌ ወጊ አይደለሁም። ሆኖም ነጭ ጋዋን ስለለበስኩ ለዚያ ልጅ ከአያ ጅቦ አልለይም።

ትንሽ ልጅ ምናቡ ሰፊ ነው። ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ብዙ ጊዜ የታመመው ስላጠፋ ይመስለዋል። እኛ መርፌን የቅጣት መሣሪያ ስናደርገው ይህንኑ ሐሳቡን አጸናንለት ማለት ነው። የታመመ ዕለት በሕመሙ ላይ ፍርሃት ይጨመርበታል፤ አንዳንዱ ሕመሙን እስከ መደበቅ ይደርሳል።

ይኸው ምናብ ግን ለበጎም ይውላል። ከክትባት ወይም ከሕክምና በፊት ልጅዎን «ዶክተር»፣ አሻንጉሊቱን «በሽተኛ» አድርገው ያጫውቱት። አሻንጉሊት ከሌለ የተጠቀለለ ነጠላ ይበቃል። ክንዱን ይጥረግለት፣ በጣቱ ይውጋው፣ «አይዞህ» ይበለው። እርስዎም በሽተኛ ሆነው «ዶክተር፣ እኔስ ጭራዬን ነው ያመመኝ» ቢሉት በሳቅ ይፈርሳል። መርፌው ሲመጣ ደግሞ ጣትዎን አቅርበው «ይህ ትኩስ ሻይ ነው፣ ቀስ እያልክ እፍ በልልኝ» ይበሉት። በረጅሙ ሲተነፍስ ሐሳቡም ይወሰዳል፣ ክንዱም ይላላል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 እ.ኤ.አ. የክትባትን ሕመም ስለ መቀነስ ባወጣው ምክር ወላጅ አብሮ እንዲሆን፣ ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች በጨዋታ ወይም በወሬ ሐሳባቸው እንዲወሰድ፣ ለልጁም ሐሰተኛ ማጽናኛ እንዳይነገረው አሳስቧል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እኔንም ይመለከተኛል። አንድ ጊዜ ለልጄ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ሳጠጣት «ማር ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ለወራት እውነተኛውን ማር ስታይ ትሸሽ ነበር! «አያምህም» ከማለት «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፣ ቶሎ ያልፋል» ማለት ይሻላል። ኪኒንን «ከረሜላ» ብሎ መስጠት ግን ከማታለልም ያለፈ አደጋ አለው። ለእርጉዝ እናቶች የሚሰጠው የአይረን ኪኒን ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ስለሆነ ከረሜላ ይመስላል፤ ትንሽ ልጅ ብዙ ከዋጠው ሊገድለው ይችላል። ቆልፈው ያስቀምጡት።

ጨዋታና ቀልድ ከዲን ያርቃል ብለው የሚያስቡ ወላጆች ያጋጥሙኛል። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በዓኢሻ (ረ.ዐ) መጫወቻዎች መካከል ሁለት የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ አይተው ፈረስ ክንፍ አለውን? ብለው ጠየቋት። እሷም የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን? ስትላቸው የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። በሌላ ዘገባ ደግሞ አንዲት እናት ልጇን «ና ልስጥህ» ብላ ስትጠራው ምን ልትሰጪው አሰብሽ? አሏት። ተምር አለች። ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። ክንፍ ያለው ፈረስ ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ «ማር ነው» የተባለው ሽሮፕ ግን እንዲያ አይደለም።

በልጁ ላይ መሳቅም ሌላ ነገር ነው። «ፈሪ» እያሉ በእንግዳ ፊት ማሳቅ፣ የሚንተባተበውን መኮረጅ፣ የቅጽል ስም ማውጣት ቀልድ ሆኖ አይሰማውም።

አስም ወይም የስኳር ሕመም ኖሮበት በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለዎት ማታ ከመተኛቱ በፊት «ዛሬ ምን አሳቀህ?» ብለው ይጠይቁት። መጀመሪያ የራስዎን ይንገሩት። ምንም የለም ካለ አያስገድዱት፤ በማግስቱ ይጠይቁት። ሁለት ሳምንት ያህል ጨዋታ ካስጠላው፣ ምግብ ወይም እንቅልፍ እምቢ ካለው ግን ጉዳዩ በቀልድ የሚፈታ ላይሆን ስለሚችል ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት። ወደዚያ ሲሄዱም ለምን እንደሚሄድ አስቀድመው ይንገሩት።