በባሕር ውስጥ ያለውን ሳይነኩ ስለ መለካት

ዘመድ ያረፈበትን ስፍራ ማወቅና ምልክት ማቆም የሰው ልጅ የቆየ ልማድ ነው። ነገር ግን ባሕር የወሰደው ሰው መቃብሩ አይታይም፤ ድንጋይም አይቆምለትም። በዚህ ዘመን ሊቃውንት ከባሕር በታች ያለውን ነገር በፎቶግራፍ ለክተው መልኩንና መጠኑን የሚያሳዩበት ጥበብ አለ። ስሙ ፎቶግራሜትሪ ነው፤ ይኸውም በፎቶግራፍ መለካት ማለት ነው። ለቤተ ሰብ የሚረባ ቁም ነገር ስላገኘንበት ለአንባቢዎቻችን ልንገልጸው ወደድን። ዘመናቱን የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ለዚህ ጥበብ ስሙን ያወጣለት አልብሬክት ማይደንባወር የተባለ የጀርመን የሕንፃ ባለሙያ ነው። ይህ ሰው በ1858 ዓ.ም. በቬትስላር ከተማ ያለውን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ከፍ ካለ ስፍራ ላይ ሆኖ ሲለካ ሊወድቅ ሲል ለጥቂት ዳነ። ከዚህም የተነሣ ሕይወትን ለአደጋ ሳይሰጡ ሕንፃውን ከፎቶግራፉ መለካት እንደሚቻል አሰበ። ስሙንም በ1867 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጣው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰው ባንድ ዓይኑ ብቻ ሲያይ ርቀትን ለመገመት ይቸገራል፤ በሁለቱ ሲያይ ግን ይቀለዋል። እንደዚሁም ጠላቂው በመርከቡ ዙሪያ እየዋኘ ብዙ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ እያንዳንዱም ፎቶግራፍ ከቀደመው ከፊሉን ደግሞ እንዲያሳይ ይጠነቀቃል። ውሃ ቀዩን ቀለም አስቀድሞ ስለሚውጠው መብራት ይይዛል። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተር በብዙ ፎቶግራፎች ላይ የሚታየውን አንዱን ነጥብ ለይቶ፥ ከየአቅጣጫው የታየበት መስመር የሚገናኝበትን ስፍራ በሒሳብ ያገኛል። ነጥቦቹ እጅግ ሲበዙ የመርከቡ ቅርጽ ይወጣል። መጠኑም እንዳይሳሳት ርዝመቱ የታወቀ ዘንግ በአጠገቡ ይቀመጣል።

ለምሳሌ ሲስልጎርም የተባለችውን የእንግሊዝ መርከብ እንጥቀስ። ይህች መርከብ በግብፅ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር የጭነት መኪና፥ ሞተር ብስክሌትና ጥይት ጭና በሰሜን ቀይ ባሕር ተራዋን ስትጠብቅ፥ ኦክቶበር 6 ቀን 1941 ዓ.ም. በሌሊት የጀርመን አይሮፕላን በቦምብ መታት፤ 9 ሰዎችም ሞቱ። ዛሬ 30 ሜትር ያህል ጥልቀት ባለው የባሕር ወለል ላይ ትገኛለች። ጨው ብረቷን ይበላዋል፤ ጐብኚ የሚያመጡ ጀልባዎችም ገመዳቸውን በላይዋ እያሰሩ አካሏን ጐድተዋታል። በ2017 ዓ.ም. የእንግሊዝና የግብፅ ሊቃውንት ከ24,000 የሚበልጥ ፎቶግራፍ አንሥተው ሙሉ ምስሏን ሠሩ። ስለዚህ መጥለቅ የማይችል ሰው ሁሉ፥ የሟቾቹም ዘመዶች ቢሆኑ፥ መርከቧን ከቤታቸው ሆነው ለማየት ይችላሉ።

ይኸው ጥበብ ለኮራልም ይረዳል። ኮራል ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት የሚሠሩት የኖራ አለት ነው፤ ብዙው ዐይነት እድገቱ እጅግ አዝጋሚ ስለ ሆነ ዓይን ልብ አይለውም። የባሕሩ ውሃ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይነጣል፤ ሙቀቱም ሲቈይ ይሞታል። አንዱን ስፍራ በየዓመቱ ፎቶግራፍ አንሥቶ ምስሎቹን በማስተያየት ግን የቱ እንዳደገ፥ የቱም እንደ ጠፋ በልኩ ይታወቃል።

እርግጥ ነው፥ ምስሉ መርከቧን ከዝገት፥ ኮራሉንም ከሙቀት አያድንም። ነገር ግን ጥፋቱ ሳይታወቅ እንዳያልፍ ምስክር ይሆናል፤ ጥበቃም ከማወቅ ይጀምራል።

የቤተ ሰብ አባትና እናትም ከዚህ ትምህርት ሊወስዱ ይገባል። የአያት ቤት ሳይፈርስ፥ ያረጀውም ዕቃ ሳይጠፋ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ሲነሣም ካንድ ወገን ብቻ አይሁን፥ ዙሪያውን ይሁን፤ መጠኑ እንዲታወቅም ዘንግ ወይም ሰው በአጠገቡ ይቁም፤ ስሙና ዘመኑም ይጻፍበት። ልኩ ያልታወቀ ነገር ቢጐድል፥ ጐደለ ብሎ የሚመሰክርለት አይገኝምና።