ያገለገለ ፖርሽ ካየን፦ የመጀመሪያው ትውልድ የታወቁ ብልሽቶችና የጥገናቸው ወጪ

ፖርሽ ካየን እ.ኤ.አ. በ2002 በፓሪስ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ ሲቀርብ፣ እስከዚያ ድረስ በስፖርት መኪኖቹ ብቻ ይታወቅ ለነበረው የጀርመን ኩባንያ የመጀመሪያው ኤስ ዩ ቪ፣ ማለትም ለአስፋልትም ለኮረኮንችም እንዲሆን ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ የቤተሰብ መኪና ነበር። ንድፉ ከፎልክስዋገን ጋር በጋራ የተሠራ በመሆኑ ከዚያው ኩባንያ ቱዋሬግ ከተባለ መኪና ጋር አንድ መሠረት ይጋራል፤ አካሉ በስሎቫኪያዋ ብራቲስላቫ እየተሠራ መገጣጠሙ በጀርመኗ ላይፕዚግ ይጠናቀቅ ነበር። በአሜሪካ ገበያ ካየን ኤስ የተባለው ዓይነት ከ55,000 ዶላር በላይ፣ ቱርቦው ደግሞ ወደ 89,000 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ሽያጩን የጀመረ ሲሆን፣ እስከ 2010 የተመረተው ይህ ትውልድ ዛሬ በዚያው አገር የሚሸጠው በአዲስነቱ ካወጣው ዋጋ በትንሿ ክፋይ ነው። ገዢን የሚያሳስተውም ይኸው የዋጋ መውረድ ነው፤ መኪናው ሲያረጅ የሽያጭ ዋጋው ይወርዳል እንጂ የመለዋወጫው ዋጋና የመካኒኩ የሰዓት ክፍያ አብረውት አይወርዱም።

በዚህ መኪና ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች ዋነኞቹ ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ የሚነሡት ከውድ ክፍል ሳይሆን ውድ በሆነ ቦታ ከተቀበረ ርካሽ ክፍል መሆኑ ይታያል። ለዚህ የማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ ጥሩ ማሳያ ናቸው። እስከ 2006 በተሠሩት ባለ 4.5 ሊትር ሞተሮች ስምንቱ ሲሊንደሮች አራት አራት ሆነው በሁለት ረድፍ ተዘንብለው ስለሚቆሙ በመካከላቸው ሸለቆ መሰል ቦታ ይፈጠራል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ የሚያመላልሱት ቱቦዎችም በዚሁ ሸለቆ ውስጥ፣ ከአየር ማስገቢያው ክፍል ሥር ተዘርግተዋል። ፋብሪካው እነዚህን ቱቦዎች ከፕላስቲክ የሠራቸው በመሆኑ፣ ሙቀት በሚታመቅበት ቦታ ለዓመታት ሲቆዩ ይደርቁና ይሰነጠቃሉ፤ የሚፈሰውም ፈሳሽ ሞተሪኖ በሚባለው የሞተር ማስነሻ ላይ እየተንጠባጠበ ወደ ካንቢዮው፣ ማለትም ወደ ማርሽ ሳጥኑ አካባቢ ስለሚወርድ፣ ባለቤቱ ከመኪናው ሥር እርጥበት በሚያይበት ጊዜ ጉዳቱ ከጀመረ ሰንብቷል። ኩባንያው በኋላ በአሉሚኒየም የተሠሩ ቱቦዎችን በምትክነት አቅርቧል። ይሁንና ቱቦዎቹን ለመቀየር የአየር ማስገቢያው ክፍል መነሣት አለበት፤ በዚያው ሥር ያለውን ሞተሪኖ ሳይፈትሹ መግጠም ደግሞ ከንቱ ቁጠባ ስለሚሆን፣ የጋራዡ ሒሳብ ከ1,000 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። እዚህ ላይ ለገዢ የሚበጀው፣ ቱቦዎቹ አስቀድመው በአሉሚኒየም መተካታቸውን የሚያሳይ ደረሰኝ መጠየቅ ነው፤ «ተቀይሯል» የሚል የቃል ማረጋገጫ አይበቃም።

ሁለተኛው የታወቀ ብልሽት በካርዳኑ፣ ማለትም ኃይልን ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ኋላ ጎማዎች በሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ላይ የሚታይ ነው። ዘንጉ መካከሉ ላይ በኩሽኔታ የተደገፈ ሲሆን፣ ኩሽኔታውን ከብቦ ንዝረት የሚያበርደው ላስቲክ በዕድሜ ሲቀደድ ዘንጉ ቦታውን ለቅቆ ስለሚወዛወዝ፣ ተሳፋሪዎች ወለሉ ከሥር በመዶሻ የሚደበደብ ያህል ይሰማቸዋል። ኩባንያው ዘንጉን ሙሉውን እንጂ ኩሽኔታውን ለብቻ ባለመሸጡ የብዙ ባለቤቶች ወጪ ያለአግባብ ከፍ ብሎ ቆይቷል፤ ሌሎች አምራቾች ኩሽኔታውን ነጥለው ማቅረብ ከጀመሩ በኋላ ግን ያው ብልሽት በጥቂት ገንዘብ የሚታከም ሆኗል። አንዳንዶች በተቀደደው ላስቲክ ፋንታ የጎማ ቱቦ ቁራጭ ጠቅጥቀው ይነዳሉ፤ ይህ ከመንገድ ወደ ቤት ያደርስ ይሆናል እንጂ ጥገና ተብሎ የሚጠራ አይደለም።

ከሁሉም የከፋው የሲሊንደር ግድግዳ መጫጫር ነው። የባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር አካል የተሠራው አሉሲል ከተባለ የአሉሚኒየምና የሲሊከን ቅይጥ ሲሆን፣ ፒስተኖቹም በውስጣቸው የብረት ሽፋን በሌላቸው ሲሊንደሮች ላይ በቀጥታ ይመላለሳሉ። የፒስተኑ ቀጭን ልባስ ሲያልቅ ፒስተኑ ራሱ ግድግዳውን ይፍቃል፤ ሞተሩ ከቅዝቃዜ ሲነሣ የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል፣ ዘይትም መብላት ይጀምራል። መፍትሔው ሲሊንደሮቹን አስፍቶ የብረት ቱቦ ማልበስ ወይም ሞተሩን መለወጥ በመሆኑ፣ ወጪው 10,000 ዶላርን አልፎ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ከፎልክስዋገን የተወሰደው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር አካሉ የብረት በመሆኑ ከዚህ ሥጋት የራቀ ነው፤ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነውን መኪና በዝግታ ቢጎትትም፣ ጥገናን ለሚፈራ ገዢ የተሻለው ምርጫ እርሱ ነው።

የቀሩት ብልሽቶች የሚያስጨንቁት ከዚህ ባነሰ ነው። ለእያንዳንዱ ካንዴላ እሳት የሚሰጡት ኮይሎች ይሰነጠቃሉ፤ ሞተሩ ሲንገጫገጭ ይታወቃል፣ መለወጡም ቀላል ነው። በሞላ ፋንታ በታመቀ አየር የሚቆሙት መኪኖች የአየር ከረጢታቸው አየር ሲያስወጣ በአንድ ጎን ዝቅ ብለው ያድራሉ፤ ይህ በጊዜው ካልታረመ አየር የሚሞላው መጭመቂያ ያለ ዕረፍት ሲሠራ ይቃጠልና አንዱ ወጪ ሁለት ይሆናል። የጣሪያ መስኮቱ የውሃ መውረጃዎች በቆሻሻ ሲደፈኑ ዝናቡ ወደ ወለሉ ይወርዳል፤ ከምንጣፉ ሥር የተዘረጉት የኤሌክትሪክ መስመሮች ሲረጥቡ የሚፈጠረውን ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ከመጠገኑ የበለጠ ሰዓት ይወስዳል፤ መካኒክ የሚያስከፍለውም በሰዓት ነው።

ስለዚህ ይህን መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ከመግዣው ለይቶ ሊያስቀምጥ፣ መኪናውንም ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ ሊያየው፣ ባለ ስምንት ሲሊንደሩን ከመረጠ ደግሞ ካንዴላዎቹ ወጥተው የሲሊንደሮቹ ግድግዳ በቀጭን ካሜራ እንዲመረመር ሊጠይቅ ይገባል። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ መኪናው መገዛት የለበትም።