እንዲበላ የታሰረ ብረት

ከዳውንታውን አትላንታ ተነስቶ ሳቫና ጋ ውቅያኖስ ለማየት 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ይጠይቃል። ጀልባ ግን ለከተማው ሰው ሩቅ አይደለም። የቻታሁቺ ወንዝ በቢዩፎርድ ግድብ ታግዶ ሌክ ላኒየር የተባለ ሰፊ ሐይቅ ከተፈጠረበት ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ ቅዳሜና እሑድ የሞተር ጀልባ የሚጎትት መኪና ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው።

ከውሃ የወጣን ጀልባ ከኋላው ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው፣ ፕሮፔለሩ አጠገብ በብሎን የተያዘ አመድማ ቁራጭ ያገኛል። አዲስ ሳለ ልሙጥ ነው። ከርሞ ሲታይ ጠርዙ ተሸርፎ፣ ላዩ ፈንጣጣ እንደወጣበት ፊት ተቦርቡሮ ይገኛል። ይህ ቁራጭ አኖድ ይባላል፤ እንዲህ መበላቱም ሥራውን እየሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ሁለት ዓይነት ብረቶች ተነካክተው አንድ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ባትሪ ይሆናሉ። ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቀው ይሟሟል፣ ሌላው ይተርፋል። የብዙ ጀልባ ሞተር የታችኛው እግር አሉሚኒየም፣ ፕሮፔለሩ ደግሞ የማይዝግ ብረት ነው። እንዲሁ ከተተዉ የሚበላው ውዱ እግር ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ቀድሞ ኤሌክትሮኑን የሚሰጥ ሦስተኛ ብረት ይታሰርላቸዋል።

እንግሊዛዊው ኬሚስት ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ይህን በ1824 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። የአገሩ ባሕር ኃይል መርከቦች የለበሱትን መዳብ በዚንክና በብረት ቁራጭ ከመበላት አዳነው። መዳቡ መሟሟቱን ሲያቆም ግን የባሕር አረምና ቅርፊት ለባሽ እንስሳት የመርከቦቹን ሆድ ወረሩት፤ ለካ እስከዚያ ሲያባርራቸው የኖረው የሚሟሟው መዳብ ኖሯል።

ለላኒየር ጀልባ ዋናው ጉዳይ የአኖዱ ዓይነት ነው። በባሕር ላይ የሚታመነው ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ላዩ ቅርፊት ይይዝና ሥራ ያቆማል። አኖዱ ሳይነካ ሲከርም ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ እግሩ ግን በስውር እየተበላ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ማግኒዥየም ነው። ማግኒዥየም ታስሮለት ሳቫና የሚወርድ ጀልባ ደግሞ አኖዱን በጨው ውሃ ቶሎ ይጨርሳል፤ ከመሄዱ በፊት መለወጥ አለበት።

አኖዱ ግማሹ ካለቀ ይቀየራል። የሚያርፍበት ቦታ በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጭ መፋቅ አለበት፤ ብረት ከብረት ካልተነካካ አኖዱ ጌጥ ብቻ ነው። ጀልባ ሲቀባ አኖዱን አብሮ መቀባት ደግሞ ያናድደኛል፤ ቀለሙ ከውሃው ይለየዋል፣ ጥበቃውም እዚያው ያበቃል።

ጀልባ የሌለውስ? አትላንታ የምትጠጣው ያንኑ የቻታሁቺን ውሃ ነው። በየቤቱ የቆመው የብረት ቦይለር ውስጥም ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠለ የማግኒዥየም ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ አለ፤ እሱም አኖድ ነው። ዘንጉ አልቆ መሐል ያለው ሽቦ ብቻ ሲቀር ዝገቱ ወደ ታንኩ ይዞራል። ብዙ ሰው ዘንጉ መኖሩን ስለማያውቅ ታንኩ ሲያፈስ ሙሉ ቦይለር ይገዛል። በብዙዎቹ ላይ የዘንጉ ራስ አናታቸው ላይ ያለው ባለስድስት ጎን ብሎን ነው፤ ኃይሉና ውሃው ተዘግቶ፣ ታንኩ በርዶ ጥቂት ውሃ ከተቀነሰለት በኋላ በቁልፍ ይፈታል።