ቁጥር 1፦ ኢኒት የሚባለው ፕሮግራም

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ሲበራ ከርነሉ ሜሞሪውን ያደራጃል፤ ድራይቨሮቹን ያስነሳል፤ ዋናውን ፋይል ሲስተም ይከፍታል። ከዚያ አንድ ፕሮግራም አስነስቶ ቀሪውን ሥራ ያስረክበዋል። ይህ ፕሮግራም ኢኒት ይባላል፤ የፕሮሰስ ቁጥሩም 1 ነው። ሼሉም ይሁን ብራውዘሩ፣ ዳታቤዙም ይሁን መግቢያ ገጹ፣ ትውልዱ ወደ ኋላ ሲቆጠር መድረሻው ኢኒት ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ እ.ኤ.አ. በ1971 ባዘጋጁት የመጀመሪያው የዩኒክስ መመሪያ ውስጥም በዚሁ ስሙ ይገኛል።

ብዙ ፕሮግራመሮች ኢኒትን እንደማይነካ ነገር ያዩታል። እኔ ግን ዩኒክስን ከሥሩ ማወቅ ለሚሻ ሰው የራሱን ኢኒት ከመጻፍ የተሻለ መልመጃ አለ ብዬ አላምንም፤ ትንሹ ኢኒት ሃያ መስመር እንኳ አይሞላምና።

ከርነሉ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው ኢኒትን የሚፈልገው በቅደም ተከተል አራት ቦታ ነው፦ /ኤስቢን/ኢኒት፣ /ኢቲሲ/ኢኒት፣ /ቢን/ኢኒት፣ በመጨረሻም /ቢን/ኤስኤች። አራተኛው ተራ ሼል መሆኑን ልብ በሉ። ኢኒት ለመሆን ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም፤ መሮጥ የሚችል ፋይል ሁሉ ይበቃል። “ሰላም” ብሎ ጽፎ የሚያበቃ ፕሮግራም ብትሰጡት ከርነሉ ያለ ጥያቄ ያስነሳዋል። ሰላምታው ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ፕሮግራሙ ባበቃበት ቅጽበት ግን ከርነሉ “ኢኒትን ለመግደል ተሞክሯል” የሚል መልእክት ጽፎ ማሽኑን በሙሉ ያቆማል። ከርነል ፓኒክ የሚባለው ይህ ነው። የኢኒት የመጀመሪያ ግዴታ እንግዲህ አለመሞት ነው።

ሁለተኛው ግዴታ የእድርን ሥራ ይመስላል፤ ቀባሪ የሌለውን መቅበር ነው። በዩኒክስ አንድ ፕሮሰስ ሥራውን ሲጨርስ ሜሞሪው ይለቀቃል፤ ቁጥሩና እንዴት እንዳበቃ የሚናገረው መረጃ ግን ወላጁ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ከርነሉ ሰንጠረዥ ላይ ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ያለው ፕሮሰስ ዞምቢ ይባላል። ወላጁ የሚጠይቀው ዌይት በሚባለው ጥሪ ነው። ወላጁ ቀድሞ ከሞተስ? ከርነሉ ወላጅ አልባውን ፕሮሰስ ብዙውን ጊዜ ለቁጥር 1 ይሰጠዋል። ኢኒት ዌይት ማለቱን ከዘነጋ ዞምቢዎች ይጠራቀማሉ። አንድ ዞምቢ የሚይዘው ቦታ ከቁጥር አይገባም፤ ቁጥሩ ግን ያልቃል። በብዙ ማሽኖች የቆየው ጣሪያ 32768 ነው፤ እዚያ ከተደረሰ አዲስ ፕሮሰስ መፍጠር አይቻልም።

ከነዚህ ሁለት ግዴታዎች ውጭ ያለው ሁሉ በሌላ ፕሮሰስ ሊሠራ ይችላል። መስል የተባለውን የሲ ላይብረሪ የጻፈው ሪች ፌልከር እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳየው አጭር ፕሮግራም የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ 1 መሆኑን ያረጋግጣል። ሲግናሎችን ሁሉ ይዘጋል። ፎርክ ብሎ ልጅ ይወልዳል። ከዚያ በኋላ ወላጁ ማብቂያ በሌለው ዑደት ውስጥ ዌይት፣ ዌይት ይላል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ልጁ ደግሞ ሲግናሎቹን መልሶ ይከፍታል፤ አዲስ ሴሽን ይጀምራል፤ ራሱንም /ኢቲሲ/አርሲ በሚባለው ስክሪፕት ይተካል። ፋይል ሲስተሞችን መክፈት፣ ኔትወርክ ማስነሳት፣ ተጠቃሚን ማስገባት የዚያ ስክሪፕት ሥራ ነው። ስክሪፕቱ ቢበላሽ ቁጥር 1 አይነካም።

የዚህ አከፋፈል ጥቅም የሚታየው ስለ ሲግናል ስናስብ ነው። ከርነሉ ኢኒትን ይጠብቀዋል፤ በራሱ ማሽን ላይ ያለ ማንም፣ ሩት እንኳ ቢሆን፣ ኪል ማይነስ ዘጠኝ ብሎ ሊገድለው አይችልም። ከራሱ ስህተት ግን አያድነውም። ኢኒት የማይገባው ሜሞሪ ውስጥ ከገባ ይሞታል፤ ማሽኑም አብሮት ይሞታል። ስለዚህ ቁጥር 1 ውስጥ የተጻፈ እያንዳንዱ መስመር መላውን ኮምፒውተር የማውደም አቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ ይዘውት የመጡት ሲስተምዲ የተባለው ኢኒት አገልግሎቶችን ጎን ለጎን ያስነሳል፤ የወደቀውን መልሶ ያነሳል፤ በእርግጥም እውነተኛ ችግር ፈቷል። ያን ያህል ሥራ ቁጥር 1 ላይ መጫኑን ግን አልደግፍም። ረኒትና ኤስሲክስ የተባሉት ተመሳሳይ ቁጥጥር የሚያደርጉት ቁጥር 1ን ትንሽ አድርገው ነው።

ማሽኑን መዝጋት የራሱ ሥርዓት አለው፦ ለሁሉም ፕሮሰስ በጨዋ ደንብ እንዲያበቁ መንገር፣ ጥቂት መጠበቅ፣ የቀሩትን መግደል፣ ዲስክ ላይ ያልተጻፈውን መጻፍ፣ ፋይል ሲስተሞቹን መዝጋት፣ በመጨረሻም ሪቡት የሚለውን ጥሪ መጥራት። ይህ ጥሪ በስህተት እንዳይጠራ ሁለት ምሥጢራዊ ቁጥሮች ይጠይቃል። ለአንደኛው ከሚቀበላቸው አንዱ 672274793 ነው፤ በአሥራ ስድስት መደብ ሲጻፍ 28121969 ይሆናል፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተወለደበት ቀን፣ ወርና ዓመት ነው።

ዶከር ላይ የሚሠራ ፕሮግራመር ይህን ሁሉ ማወቅ ግድ ይለዋል። በኮንቴይነር ውስጥ ቁጥር 1 የሚሆነው የራሱ ፕሮግራም ነውና። ኮንቴይነሩን አቁም ሲሉት 10 ሰከንድ ሙሉ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥር 1 ለመዝጊያው ሲግናል ምላሽ ካላዘጋጀ ሲግናሉ ችላ ይባላል፤ ዶከርም ጠብቆ ጠብቆ በግድ ይገድለዋል። ቲኒ የተባለችው ትንሽ ኢኒት የተጻፈችው ለዚህ ነው፤ ከዶከር 1.13 ጀምሮ በአንድ ቃል ትእዛዝ ትገባለች።

መሞከር የምትፈልጉ በሥራ ማሽናችሁ ላይ አትጀምሩ፤ ኬሙ የሚባለው አስመሳይ ማሽን ይበቃል። ፕሮግራሙን ስታቲክ አድርጋችሁ ኮምፓይል አድርጉ፤ “ኢኒት” ብላችሁ ሰይሙት፤ በሲፒአይኦ ጠቅልላችሁ ከከርነሉ ጋር ስጡት። ስታቲክ ካላደረጋችሁት ላይብረሪ ጫኚው ስለማይገኝ ከርነሉ ፋይሉ የለም ይላችኋል፤ ፋይሉ ግን ዓይናችሁ ሥር ይሆናል።