«ልቤ ነግሮኝ ነበር»

ጧት ዓይንህን ርግብ ርግብ ሲያደርግህ «ዛሬ ማንን ላይ ይሆን?» ብለህ፣ ማታ ያልጠበቅኸው ዘመድ መጥቶብህ ያውቅ ይሆናል። ያን ጊዜ «ልቤ ነግሮኝ ነበር» ትላለህ። በእውነት ልብ ይናገራልን? ይህን በቁጥር ለመመርመር የተነሣ አንድ አሜሪካዊ ነበር።

ጆሴፍ ራይን በትምህርቱ የዕፀዋት ሊቅ ነው። በሰሜን ካሮላይና በሚገኘው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ ካርል ዜነር የተባለ የሥነ ልቡና መምህር ሃያ አምስት ካርታ አዘጋጀለት። ምልክቶቹ ክብ፣ መስቀል፣ ሞገድ፣ አራት ማዕዘንና ኮከብ ናቸው፤ እያንዳንዱም በአምስት ካርታ ላይ ይገኛል። ሳያይ የሚገምት ሰው በዕድል ብቻ ከ25ቱ በአማካይ 5 ያገኛል። ዘወትር ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ ግን ነገሩ ምክንያት ይሻል።

በ1933 እና በ1934 እ.ኤ.አ. ሂዩበርት ፒርስ የተባለ የነገረ መለኮት ተማሪ በቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ግምቱን ይጽፍ ነበር። የራይን ረዳት ፕራት ደግሞ በሌላ ሕንጻ ሆኖ በየደቂቃው አንድ ካርታ ሳይገልጥ ያነሣ ነበር። ከ1,850 ግምት በዕድል 370 ይጠበቅ ነበር፤ ፒርስ ግን 558 አገኘ!

ኋላ የእንግሊዙ የሥነ ልቡና ሊቅ ሃንሰል ነገሩን መረመረ። ፒርስን በቤተ መጻሕፍቱ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም፤ እንግዲህ ፕራት በመጨረሻ ካርታዎቹን ገልጦ ሲመዘግብ ሹልክ ብሎ መጥቶ ሊያይ ይችል ነበር አለ። ማታለሉ አልተረጋገጠም፤ ያልተዘጋው በር ግን ማስረጃውን አጎደለው።

በለንደንም የሒሳብ መምህሩ ሳሙኤል ሶል ከ1941 እስከ 1943 እ.ኤ.አ. ያደረገው ሙከራ እንከን የለበትም ተብሎ ተመስግኖ ነበር። በ1978 እ.ኤ.አ. ቤቲ ማርክዊክ የተባለች ሴት መዝገቡን ስትመረምር፣ በቁጥሮቹ ተርታ መካከል የተሰገሰጉ ቁጥሮች አገኘች፤ እነርሱም በአብዛኛው «ትክክል» ከተባሉት ግምቶች ጋር ይገጥማሉ። እነርሱ ሲወጡ ተአምሩም ወደ ተራ ዕድል ተመለሰ።

አንተም የወር ደመወዝህን ይዘህ «ዕድልህን አያለሁ» ወደሚል ሰው ደጅ ከመሄድህ በፊት አንድ ደብተር ግዛ። ዓይንህ ርግብ ርግብ ብሎ እንግዳ የመጣበትን ቀን በአንድ በኩል፣ ማንም ያልመጣበትን ቀን በሌላ በኩል ጻፍ። የመጣውን ሁሉም ሰው ያስታውሳል፤ የቀረውን የሚቆጥር ግን ጥቂት ነው።