ከማሽኑ በፊት ክንዱ

ስለ ኩላሊት እጥበት ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ማሽኑ ነው። ማሽኑ ደሙን ስቦ እንደ ፀጉር በቀጠኑ በሺዎች በሚቆጠሩ ቱቦዎች ያሳልፈዋል፤ ከቱቦዎቹ ውጭ የሚፈሰው ፈሳሽ ቆሻሻውን ይቀበላል፤ ትርፉ ውሃ በግፊት ይወጣል፤ ደሙም ይመለሳል። በሳምንት 3 ጊዜ፣ 4 ሰዓት ያህል። እኛ አገር ወጪው ከብዷቸው በ2 የሚወሰኑ ብዙዎች ናቸው።

ለእኔ ግን ምስጋናው የሚገባው ክንዱ ነው። ማሽኑ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይፈልጋል፤ ተራ የክንድ ደም ሥር ደግሞ ይህን አይችልም። ሆላንዳዊው ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ. ታማሚ ሲያጥብ የሚከፈት ደም ሥር ካለቀ ሕክምናውም ያበቃ ነበር። በ1960 ሲያትል ውስጥ ቤልዲንግ ስክሪብነር ክንድ ላይ የሚቆይ የቴፍሎን ቱቦ አመጣ፤ ቱቦው ግን ይመረቅዝ፣ በረጋ ደምም ይደፈን ነበር። በ1966 ብሬሺያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ከኒው ዮርክ መፍትሔውን አሳተሙ፤ የታማሚውን ደም ወሳጅ ከራሱ ደም መላሽ ጋር የእጅ አንጓው ላይ መስፋት። ፊስቱላ የሚሉት ይህ ነው፤ ከወሊድ ጉዳቱ ጋር አይገናኝም። የደም ወሳጁ ግፊት ደም መላሹን ያሰፋዋል፣ ግድግዳውንም ያወፍረዋል፤ ያኔ በየጊዜው መርፌ ቢገባበት ይችላል።

ይህ እስኪሆን ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው እጥበት ሳይጀመር መሠራት አለበት። እኛ ዘንድ ብዙው ታማሚ የሚመጣው ኩላሊቱ ፈጽሞ ከደከመ በኋላ ነውና አንገቱ ላይ በሚገባ ቱቦ ይጀምራል፤ በዚያ የገባ ተሕዋስ መንገዱ በቀጥታ ወደ ደም ነው።

አንድ በእጥበት ላይ ያሉ ጋሼ፣ «ንካው፣ አትፍራ» ብለው ፊስቱላ ያለበትን ክንዳቸውን ሰጡኝ። ከቆዳው ሥር ንብ የታሰረች ይመስላል፤ ይርገበገባል። በየጠዋቱ ከአልጋ ሳይነሱ ይዳስሱታል። አንድ ቀን ግን አንዲት ባለሙያ፣ ማንን እንደምታክም ሳትጠይቅ፣ የግፊት መለኪያውን እዚያው ክንድ ላይ ልትጠመጥም ስትል ጮኸው አስቆሟት። ሌላው ክንድ ምን አደረገ?

በዚህ ክንድ ግፊት አይለካም፣ ደም አይቀዳም፣ ጉሉኮስም አይሰቀልም። ታማሚዎችም ቢሆኑ ጥፋት አያጡም፤ ጠባብ ሰዓት ያስራሉ፣ ጄሪካን ያንጠለጥላሉ፣ ተንተርሰውት ያድራሉ። ኩላሊትዎ ደከመ ከተባሉ ደግሞ እጥበት ባይጀምሩም እንኳ የክንድዎን ደም ሥር ይቆጥቡ፤ መርፌው በእጅዎ ጀርባ ላይ ይግባ።

ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተጀምሯል፤ ለጋሽ እስኪገኝ ግን ታማሚውን የሚያቆየው ይኸው ክንድ ነው። አንድ ጠዋት ሲዳስሱት መርገብገቡ ጠፍቶ ካገኙት፣ የቀጠሮዎን ቀን አይጠብቁ፤ ያንኑ ዕለት ሐኪምዎ ዘንድ ይድረሱ።