ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሰዓት ነው?

በቁረይሻም ሆነ በሌሎቹ የገዳሪፍ ካምፖች የምንኖር ብዙዎቻችን አውሮፓ የገቡ ዘመዶች አሉን። አንዱ ሮም ነው፣ ሌላው ሙኒክ። "በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ነው አሉ፣ ታዲያ ምነው አይጠያየቁም?" ሲባል በክፍልም በሻይ ቤትም እንሰማለን። ስለዚህ ዛሬ ስለ ርቀትና ስለ በረራ ሰዓት ጥቂት እንበል።

ከሮም እስከ ሙኒክ በቀጥታ መስመር 700 ኪ.ሜ ያህል ነው። የመንገደኛ ጄት ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪ.ሜ ይበራል። በዚህ ሂሳብ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ግን አውሮፕላኑ መሬት ላይ ተራውን ይጠብቃል፣ ለመውጣትም ለመውረድም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጨመርበታል። ቀድሞ ተገኝቶ መፈተሹ ሲታከል ደግሞ ግማሽ ቀን ይሄዳል። በመኪና ከሆነ በመሀል የአልፕስ ተራሮች ስላሉ መንገዱ ከ900 ኪ.ሜ ያልፋል።

ቲኬት ሲነበብም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የተጻፈው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። ለንደን ከሮም በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። ከሮም 10:00 ተነስቶ ለንደን 11:40 የሚያርፍ አውሮፕላን የበረረው 1 ሰዓት ከ40 ሳይሆን 2 ሰዓት ከ40 ነው። ሱዳንም ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ናት። 10:00 ማለት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት መሆኑ አይረሳ።

አሁን ወደራሳችን እንምጣ። ከገዳሪፍ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 670 ኪ.ሜ ገደማ ነው። ከሮም ሙኒክ እንዲያውም ያንሳል! በመንገድ ግን በገላባትና በመተማ፣ በጎንደር አድርጎ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ወደ 1,100 ኪ.ሜ ይጠጋል። በ2023 በሱዳንም በአማራ ክልልም ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደግሞ ይህ መንገድ በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አልሆነም።

የዘመዶቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። በአውሮፓ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ጉዳዩ ሳያልቅ እንደልቡ ወደ ሌላ አገር አይሻገርም። እኛ ከካምፕ ለመውጣት ፈቃድ እንደምንጠይቅ ማለት ነው። ስለዚህ "ጨከነ" ብለን አንቀየም፤ ወረቀቱን እየጠበቀ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ያነሳነው በተለይ ለወጣቶቻችን ብለን ነው። ደላላ ሲመጣ የሚያወራው ስለ ርቀት ብቻ ነው። "ከትሪፖሊ ጣሊያን ቅርብ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ ከትሪፖሊ እስከ ላምፔዱሳ ደሴት 300 ኪ.ሜ ያህል ነው፤ ለአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ነገር ግን ኦክቶበር 3 ቀን 2013 ከሊቢያ የተነሳች ጀልባ እዚያው ላምፔዱሳ አጠገብ ደርሳ ሰጥማ ከ360 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። ደሴቲቱ ቅርብ ነበረች። ቅርበቷ ግን አላዳናቸውም።

እንግዲህ "ቅርብ ነው" የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ሶስት ነገር ጠይቁት፦ በምን? በየት በኩል? በምን ወረቀት? መልስ ከሌለው የነገራችሁ ኪሎ ሜትር ምንም አይጠቅማችሁም።